«ጠንካራውን ፓምፕ ስጡኝ» ለሚል ደንበኛ

ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ መለዋወጫ የምናመላልስ እህትማማቾች ነን። የዕለት እንጀራችን የቶዮታ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ነው። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ የስፖርት መኪና ያለው ደንበኛ በዓመት ከጣት ቁጥር አያልፍም፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ «ጠንካራውን ፓምፕ ስጡኝ» እያለ ነው። ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ትርፍ ያሳጣናል። ለምን እንደማንለውጠው እንንገራችሁ፤ ከእናንተም መካከል ይህንን ዕቃ የምትይዙ አላችሁና።

ነገሩን በአንድ መኪና እንየው፤ በዳትሰን 240ዜድ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታና ሎፍቲ ድሩስ ያሸነፉት በዚህ መኪና ነው። ዑጋንዳ የተወለደው ሜህታ ሳፋሪን በድምሩ 5 ጊዜ አሸንፏል። ኬንያ ውስጥ 240ዜድ ያለው ሰው ትዝታም አብሮ ይዟል። ለመክፈል አይሰስትም፤ ነጋዴን የሚፈትነውም ይኸው ነው።

ናይሮቢ የሚኖሩ አንድ ደንበኛችን፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን መኪና ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይዘውታል። አሁን ቅዳሜና እሑድ የሚነዳው ልጃቸው ነው። ከናይቫሻ ወደ ሊሙሩ ዳገቱን ሲወጣ መኪናው ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይነሣል። አንድ ሱቅ የ280ዜድ ኤሌክትሪክ ፓምፕ አሳይቷቸው ነበር። «ያው ዳትሰን ነው፣ ያው ዜድ ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል» ብለዋቸዋል። ጋሼ ዋጋ ሊያወዳድሩ ወደ እኛ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ስንት ግፊት እንደሚሰጥ ነግረዎታል?» አልናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ በጣም ኃይለኛ ነው አሉኝ እንጂ ቁጥሩን አልነገሩኝም።»

ቁምነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የ240ዜድ ሞተር ቤንዚን የሚቀበለው በሁለት ካርቡሬተሮች ሲሆን የሚፈልጉት ግፊት 3 ተኩል ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 280ዜድ ግን ካርቡሬተር የለውም፤ ቤንዚኑ የሚረጨው በኢንጀክሽን ነው፤ ግፊቱም ወደ 36 ፒኤስአይ ይደርሳል። ስማቸው ወንድማማች ቢሆንም የአንዱ ፓምፕ ከሌላው 10 እጥፍ ይገፋል።

ካርቡሬተር ውስጥ ትንሽ የቤንዚን ጎድጓዳ አለች። ስትሞላ ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ዕቃ ከፍ ይልና አንዲት መርፌ መግቢያውን ትዘጋለች። መርፌዋ የተሠራችው ለትንሽ ግፊት ነው። ፓምፑ ሲበረታባት መዝጋት ያቅታታል፤ ቤንዚኑ ይሞላል፣ ይፈስሳል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ካርቡሬተሮቹ የተቀመጡት ከጭስ ማውጫው በላይ፣ በዚያው በኩል ነው። ቤንዚን የሚንጠባጠበው በጋለ ብረት ላይ ነው ማለት ነው። ጋሼ ይበልጣል የተባሉት ፓምፕ የልጃቸውን መኪና ሊያቃጥል ይችል ነበር።

«መቀነሻ ብናስገባለትስ?» የሚል መካኒክ ይኖራል። ለካርቡሬተር የሚሸጠው ተራ የግፊት መቀነሻ የኢንጀክሽን ፓምፕን እንዲገታ አይጠበቅበትም። ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንከሩ የሚመልስ መስመርም ያስፈልጋል። በተጨመረ ቁጥር ሊያፈስ የሚችል መጋጠሚያ ይበዛል።

ሌላው የሚምታታው የግፊትና የመጠን ነገር ነው። የ240ዜድ ሞተር በወረቀት 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ቤንዚን ብለን ብናሰላ 75 ፓውንድ ይመጣል፤ ይህም 46 ሊትር አካባቢ ነው። ይህን የሚጠጣውም ነዳጁ እስከ ጥግ ተረግጦ ነው፤ ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ማን እንዲያ ይነዳል? ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ በሰዓት 100 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ለዚህ ሞተር ይተርፈዋል።

ለጋሼ ግን ከሁሉ በፊት ያልናቸው «አይግዙ፣ መጀመሪያ ያስለኩ» ነው። ቤንዚን ያጠረው መኪና ሁሉ ፓምፑ አልሞተም። የደፈነ ፊልትሮ፣ ታንከር ውስጥ ያለ ዝገት፣ የተዘጋ የታንከር መተንፈሻ፣ ተሰንጥቆ አየር የሚስብ ጎማ፣ ሁሉም ያንኑ ምልክት ያሳያሉ። በከፍታ ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ ሊሙሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተር ላይ ያለው ፓምፕ በጋለ መስመር ሲስብ በቤንዚን ፋንታ ተን ሊደርሰው ይችላል። አዲስ አበባም ከዚህ አታመልጥም።

መካኒኩ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የግፊት መለኪያ አስገባ፤ 1 ተኩል ፒኤስአይ ብቻ አነበበ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ሲያሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የፓምፑ ዲያፍራም ተቀዶ ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ ያሳልፍ ነበር። ታንከሩ ሥር ያለው ጎማም ተሰንጥቋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው እንደ ፋብሪካው በሞተሩ የሚነዳው ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ትልቁ በጎነቱ ሞተሩ ሲቆም እሱም መቆሙ ነው። ሁለተኛው ለካርቡሬተር የተሠራ፣ ከ4 ፒኤስአይ የማያልፍ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ይህ ከኋላ ስለሚገፋ ለተን ችግር ይሻላል፤ ነገር ግን የራሱ ደንብ አለው። የሚገጠመው ታንከሩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይሆንለትም። ከፊቱ ፊልትሮ፣ በሽቦው ላይ ፊውዝና ሪሌ ይፈልጋል። መኪናው ቢጋጭ ቤንዚን መርጨቱን እንዲያቆም፣ በግጭት ወይም በዘይት ግፊት መጥፋት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ የግድ ነው። ይህን ሁሉ የማያሟላ ሰው ሜካኒካሉን ቢወስድ ይሻለዋል። ጋሼም እሱኑ መረጡ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለነጋዴዎች አንድ ወጥመድ አለ። ከ40 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኦርጅናል ፓምፕ በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ብረቱ አዲስ ነው፤ በውስጡ ያለው ጎማ ግን አርጅቷል። በዚያ ላይ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮ ጎማን ይጎዳል። ዲያፍራሙ ለዛሬ ቤንዚን በሚስማማ ጎማ የተሠራ አዲስ ፓምፕ፣ ስሙ ባያምርም፣ ይመረጣል። ያገለገለ ፓምፕ ለምትልኩም፣ ውስጡ ቤንዚን የቀረበት ዕቃ በአውሮፕላን ጭነት እንደ አደገኛ ዕቃ ነው የሚቆጠረው፤ በሻንጣ አትሸጉጡት።

ከጋሼ ያገኘነው የአንድ ሜካኒካል ፓምፕ፣ የጓርኒሲዮንና የጥቂት ሜትር ጎማ ትርፍ ነው። ኃይለኛውን ብንሸጥላቸው ብዙ እጥፍ እናገኝ ነበር። መኪናው ግን አሁን ዳገቱን ይወጣል፤ ልጃቸውም በሰላም ይመለሳል።

ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ዕቃ መመለሻ የለውም። ሞያሌን ካለፈ በኋላ «አልሆነም» ቢባል ቀረጡም፣ የመንገዱም ወጪ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ዋጋ ከመንገራችን በፊት አራት ነገር እንጠይቃለን፦ ሞዴሉና ዓመቱ፣ ካርቡሬተር ነው ወይስ ኢንጀክሽን፣ ፓምፑ ያለው ሞተሩ ላይ ነው ወይስ ታንከሩ ጋ፣ ሲለካ ስንት አነበበ? መልሱን ከፓምፑ የግፊት ቁጥር ጋር ደረሰኙ ላይ እንጽፈዋለን። ቁጥሩን የማይነግረን አቅራቢ ካለ ዕቃውን አንወስድም፤ እናንተም አትውሰዱ።

ገበያው ይቅናችሁ።