በአካል የተገናኘን ዕለት

በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት የምንከፍለው በደቂቃ ነበር። ገጹ እስኪከፈት ሒሳቡ ይቆጥራል፤ መብራት ከሄደም የጻፉት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያም ሆኖ ከሥራ መልስ ሳልገባ የምቀርበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ፌስቡክ ላይ ወዳጆች አፍርቼ ነበርና። አንዱ አዳማ፣ አንዷ ሐዋሳ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ይኖራሉ። ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ አገር ጉዳይ እንጽፋለን፣ እንከራከራለን፣ አንዳንዴም እንኳረፋለን። የሐዋሳዋ ወዳጃችን ገጿ ላይ የለጠፈችው አደይ አበባ ስለነበር መልኳን የሚያውቅ አልነበረም።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ላይ «እስኪ አንድ ቀን በአካል እንገናኝ» ተባባልንና አሰላ ተመረጠች። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኅዳር ደግሞ አርሲ የሚያምርበት ወር ነው፤ ከኢተያ ጀምሮ የመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ስንዴ ነው፣ ገብሱ እዚህም እዚያም ይታጨዳል፣ ከከተማዋ በላይ የጭላሎ ተራራ ተንሰራፍቶ ይታያል።

መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቅ እንዴት እንደምንተዋወቅ ጨንቆኝ ነበር። ከሚኒባሱ አንዲት ሴት ወረደችና የለበስኩትን ጋቢ አይታ «ስለ አሰላ ብርድ ሁሌ የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። ባለ አደይ አበባዋ ነበረች። እንደ አገር ቤት ዘመድ ተቃቅፈን ተሳሳምን።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጭኮ አዘጋጅታ ጠበቀችን። የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ ቅመም በገባበት ንጥር ቅቤ እስኪያብረቀርቅ ታሽቶ፣ በእንጨት ቆሪ ቀረበ። አርሲ እንግዳውን የሚያከብረው በዚህ ነው። «ብሉ እንጂ ልጆቼ፤ በወሬ ሆድ አይሞላም» እያለች ለሁሉም በየተራ አጎረሰች።

ከመካከላችን ሁለቱ ስለ ካዱ ለወራት ሲከራከሩ ኖረዋል። ካዱ በ1960ዎቹ መባቻ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተጀመረ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። የአዲስ አበባው ወዳጃችን ለአርሲ ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያመጣ ባለውለታ ነው ይላል። የአዳማው ደግሞ ጭሰኛውን ነው የጎዳው ባይ ነው፤ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቅለዋልና። ጽሑፍ ላይ ሁለቱም አሃዝ እየጠቀሱ ነበር የሚሟገቱት።

የአዳማው ሲናገር ይንተባተባል። ሲጽፍ ማንም የማይቀድመው ሰው መሆኑን ስለምናውቅ ይህን አልጠበቅንም። ቃሉ እስኪወጣ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅነው። ያን ዕለት የነገረን አሃዝ አልነበረም፤ አያቱ ከነልጆቻቸው ካረሱት መሬት የተነሡት በዚያ ዘመን ነበር። የአዲስ አበባው ጭኮውን ትቶ «ከዚያስ ወዴት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀው። ወራት በፈጀው ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። በሐሳብ አልተስማሙም፤ ግን ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን «አንብብ» እያለ ሲዘልፍ አላየሁም። እኔም የአዳማውን ጽሑፍ ሳነብ ድምፁ ስለሚሰማኝ ቀስ ብዬ፣ ታግሼ አነባለሁ።

እንዲህ ያለ መገናኘት ለብዙዎች የትልቅ ነገር መነሻ ሆኗል። የዞን ዘጠኝ ጦማርያንም በኢንተርኔት ተዋውቀው በአካል የተገናኙ ወጣቶች ነበሩ፤ በግንቦት 2004 ዓ.ም. ተሰባስበው መጦመር ጀመሩ። ስማቸውን ያገኙት ቃሊቲ እስር ቤት ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙን ሊጠይቁ በሄዱበት ጊዜ ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞን ስለነበረው ዘጠነኛው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነበር። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ ብዙዎቻችን መሰባሰብ ፈራን፤ የእኛ ስልክ ግን አልተቋረጠም።

የወዳጅነታችን ልክ የታየኝ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በአርሲም ሰው ሞተ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። በገጽ ብቻ የማውቃቸው በመቶ የሚቆጠሩ ወዳጆቼ በአንድ ሌሊት ጠፉብኝ። ስልኬ ላይ የደወሉት አሰላ መጥተው ጭኮ የበሉት ናቸው። የሐዋሳዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እማማ ደኅና ናቸው?» ነበር። የአዳማው ቃሉ እየተያዘበት «እኔ ቤት ይምጡ፤ ክፍል አለ» አለኝ።

ዛሬ ስልክ ሁሉም እጅ ላይ አለ፤ ስድቡም የዚያኑ ያህል በዝቷል። ሰው አብሮት የበላውን ሰው እንደዚያ ለመስደብ ይከብደዋል። ስለዚህ ጽሑፉን የምትወዱለት፣ ወይም ዘወትር የምትከራከሩት ሰው ካለ መልኩን ሳታውቁ ዓመት አይለፋችሁ። ደውሉለት፣ ቀን ቁረጡ፣ ከገበታችሁም ጋብዙት።