ለእጄ ልክ የሆነች ማውዝ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

የዓመት መጽሔታችን አዘጋጆች «የራስሽን ገጠመኝ ጻፊ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ከናጋድ ጣቢያ እስከ ድሬዳዋ ስላደረግነው የባቡር ጉዞ ልጽፍ ነበር። ነገር ግን ስለ ባቡር አምናም ካቻምናም ተጽፏል። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ማውዝ ነው። አዎ፣ ስለ ኮምፒውተር ማውዝ፣ ያውም ስለ ጌም መጫወቻው። የምትስቁ ሳቁ። እኔን ግን አምና ግንቦት በሒሳብ ፈተና ላይ እስክሪብቶ ያስጣለኝ እሱ ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሐሙስ ማታ ጓደኞቹ እየመጡ ተራ በተራ ካውንተር ስትራይክ ይጫወታሉ፤ እኔ ሻይ አመላላሽ ነበርኩ። ዓርብ ጠዋት ሁሉም ተኝተው ሳለ ግን ኮምፒውተሩ የኔ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩና አንድ ሐሙስ ሰው ጎድሎባቸው «እስቲ አንቺ ግቢ» ቢሉኝ ከወንድሜ ጓደኞች ሁለቱን በለጥኳቸው። ከዚያ በኋላ ሻዩን እነሱ ያመላልሱ ጀመር። ይህንን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። (ትንሽ ለጉራም ነው።)

የወንድሜ ማውዝ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከጎንና ከላይ በቁልፍ የተሞላ ነው። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ከ120 ግራም ይበልጣል። ወንድሜ ቁመቱ የበራችንን መቃን የሚታከክ ሰው ስለሆነ እጁ ውስጥ ሲገባ እንቁላል ያቀፈች ዶሮ ይመስላል። ለኔ ሲያስተምረኝ «መዳፍሽን ሙሉ በሙሉ አሳርፊበት፣ ጣቶችሽን ዘርጊ» አለኝ። ዘረጋሁ። ጣቶቼ ቁልፎቹ ጫፍ ላይ እንዲደርሱ መዳፌን ወደፊት መግፋት ነበረብኝ። በጎን ያሉትን ቁልፎች በአውራ ጣቴ ለመንካት ደግሞ የእጄን አንጓ ማጣመም። ማውዙን አንስቼ ቦታ ለመቀየር ሳስብ በጠቅላላ ኃይሌ ቆንጥጬ ነበር የማነሳው። ይህን ሁሉ የማደርገው ሳላውቀው ነው፤ ሐሳቤ ያለው ስክሪኑ ላይ ነዋ።

ሕመሙ የጀመረው በትንሿ ጣቴ በኩል ካለው የአንጓዬ ጎን ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደብተር ስጽፍ መጣ። የሒሳብ ፈተናው ቀን ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸውን እያወቅሁ ሳልጽፋቸው ቀረሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የለበሳችሁትን ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት። ማታ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ስታየኝ ነገሩን ተናገርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ጌም የሚባል ነገር የለም!» እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ፤ አለችም። ግን ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ነይ፣ ተቀመጪና እንዴት እንደምትይዢው አሳዪኝ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እኔ ማውዙን የምታይ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ያየችው ክርኔን ነው። «ጠረጴዛው ከክርንሽ በላይ ነው። እኔ በዚህ ዓይነት ከፍታ ማሽን ላይ ብቀመጥ እስከ ምሳ ድረስ አልቆይም» አለች። ከዚያ የክንዴን መስመር በጣቷ ተከትላ ወረደችና አንጓዬ የተሰበረበት ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ታጥፏል። ክንድና እጅ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ማለት አለባቸው።» በመጨረሻ ማውዙን ከእጄ ወስዳ መዘነችው። «ይኼ ያንቺ አይደለም። የወንድምሽ ነው።» «አዎ የሱ ነው እማዬ» ስላት «ባለቤቱን አይደለም የምልሽ፣ እጁን ነው» አለችኝ።

የዚያን ማታ ነው ስለ መቀሷ የነገረችኝ። ሙያውን የተማረችው ድሬዳዋ ከአንድ አዛውንት ሰፊ ነበር። አዛውንቱ ሥራ ሲያቆሙ መቀሳቸውን ሸጡላት። ጥሩ ብረት ነው፣ ግን የተሠራው ለትልቅ የወንድ እጅ ነው፤ የአውራ ጣቷ ቀለበት ውስጥ ጨርቅ ጠቅልላ ከ20 ዓመት በላይ ቆርጣበታለች። አሁን ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ እየደነዘዘ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ተነስታ እጇን እንደ ቴርሞሜትር ታራግፋለች። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ የኖርኩት ነገር ነው፤ የእናቶች ልማድ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ ተጨቁኖ ነው ብሎ ሲተኙ የሚታሰር ደጋፊ ሰጥቷታል። «እኔ መቀሱ ጥሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጥሩ ነበር፤ ለኔ ግን አልነበረም» አለች።

በማግሥቱ የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት ዘርግታ እጄን አስቀመጠችና በኖራዋ ዙሪያውን ሣለችው። ከአንጓዬ መታጠፊያ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ፤ ያለ አውራ ጣት የመዳፌ ስፋት 7 ከግማሽ። ወንድሜ መጥቶ እጁን ቢያሳርፍ 20 ሆነ። ከዚያ ለጨዋታ የእናቴን እጅ በኔ ሥዕል ላይ ብናስቀምጠው ልክ ገጠመ። እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ድረስ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት አንድ የግምት ሒሳብ አለ፦ የእጅህን ርዝመት በ0.6 አባዛ፣ ለአንተ የሚሆነው ማውዝ ርዝመት እዚያ አካባቢ ነው ይላል። ለወንድሜ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ለኔ 10 ገደማ ይመጣል። መነሻ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ምክንያቱም እጅ ብቻ ሳይሆን አያያዝም አለ። የወንድሜ ዓይነት አያያዝ መዳፍን በሙሉ ማሳረፍ ነው፤ ያሳርፋል፣ አያደክምም፣ ግን መዳፉን የሚሞላ ጉብታ ያለው ትልቅ ማውዝ ይፈልጋል። ሌላው በጣት ጫፍ ብቻ መያዝ ነው፤ መዳፍ ጭራሽ አይነካም፤ ለጥቃቅን እንቅስቃሴ ፈጣን ነው፣ ግን አጭርና ቀላል ማውዝ ካልሆነ ጣት ያዝላል። በሁለቱ መካከል ያለውን እኛ ቤት «የጭልፊት» ብለነዋል፦ የመዳፍ ሥር ብቻ ከማውዙ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ጣቶች ጎብጠው ከላይ ይወርዳሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ማንም ሳይነግረኝ እጄን የእናቴ የክር ሳጥን ላይ ሳሳርፍ ያረፈው እንደ ጭልፊት ነው። ወንድሜ ለወራት የራሱን አያያዝ ነበር ያስተማረኝ። ክፋት የለውም፤ ሌላ እጅ ኖሮት አያውቅማ።

የኮምፒውተር መምህራችን እንዳስተማሩን ደግሞ የመጀመሪያው ማውዝ በ1964 አሜሪካ ውስጥ ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበው፣ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የሠራው የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ከላዩ አንድ ቁልፍ። ሥዕሉን ሳየው የእናቴ ክር ሳጥን ትዝ አለኝ።

ክረምት ሲገባ፣ የጅቡቲ ሙቀት ሰው ሲያባርር፣ እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም ወደ ድሬዳዋ ወደ አያቴ ሄድን፤ ድሬም ሞቃት ናት፣ ግን ማታዋ ይምራል። እናቴ የመስከረም ዩኒፎርም ስላለባት ቀረች። ለማውዝ የሚሆን ገንዘብ ግን ሰጥታኛለች፤ የሦስት ዩኒፎርም የስፌት ዋጋ። ስትሰጠኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳትጨብጪ እንዳትገዢ።»

ታይዋን ገበያ የመጀመሪያው ባለሱቅ ካርቶን አልከፍትም አለ። ሁለተኛው ግን የድሬ ልጅ ነው፤ «አቦ ያዢው፣ ያዢው! ማውዝ እንደ ሐብሐብ ነው እንዴ በዓይን የሚገዛው?» ብሎ አምስቱን ደረደረልኝ። መጀመሪያ ያሳየኝ መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት የሚንቦገቦገውን ነው። ካርቶኑ ላይ 12,000 ዲፒአይ የሚል በትልቁ ተጽፏል። ዲፒአይ ማውዙ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ነው፤ እኔ የምጫወተው በ800 ነው፣ የቀረው ቁጥር ለኔ ጌጥ ነው። እንዲያውም ቁጥሩን ዝቅ ሳደርግ እጄ ከአንጓ ሳይሆን ከክርን መንቀሳቀስ ስለጀመረ ሕመሙ ቀንሶልኛል።

አምስቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ያዝኳቸው፤ ወንድሜ አፍሮ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አንደኛው ጉብታው መሐሉ ላይ ስለሆነ የመዳፌን ሥር ወደ ላይ ይገፋል። ሌላው በጣም ጠባብ ሆኖ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ይጎተታሉ። ጎኑ ለስላሳ ጎማ የተለበጠ አንድ ነበር፤ ሲነኩት ደስ ይላል። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ጎማ በኛ ከተማ ሙቀትና ላብ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ እንደሚጣበቅ የወንድሜን ጓደኛ ማውዝ አይቼ አውቃለሁ። ጅቡቲ ለሚኖር ሰው ሻከር ያለ ፕላስቲክ ይሻላል፤ የሚያብለጨልጨውም አይሆንም፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተር በቆመ ዕለት እጅ ላይ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል።

የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዷ ገመድ አልባ፣ ቀላል፣ በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ሳልቆነጥጥ ብድግ የምትል። ሌላዋ ባለ ገመድ ሎጂቴክ ጂ102፤ 85 ግራም፣ ርዝመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ። ሒሳቡ 10 ነበር ያለኝ፤ ግን እንደ ጭልፊት ስይዛት የመዳፌ ሥር ከኋላዋ አረፈ፣ ሌባ ጣቴ ሳይዘረጋ የመሐል ጎማውን አገኘ፣ አውራ ጣቴ የጎኖቹን ቁልፎች ያለ መጣመም ነካ። ገመድ አልባዋ ትሻል ነበር፤ አልዋሽም። ዋጋዋ ግን የእናቴን ገንዘብ እስከ መጨረሻው ይወስዳል። ባለ ገመዷን ወሰድኩ።

ቀሪውን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊ ዕቃ መሸጫዎች ሄድኩ። «መቀስ ለማን ነው?» አለኝ ሻጩ። ለእናቴ ነው ስለው «እንግዲያው እሷ ትምጣና ትጨብጠው» አለ፤ የእናቴ ቃል! ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ እጄን አሳርፌበት አሳየሁት። ልክ ነው፣ እንግዲህ እሷ መጥታለች፣ አልኩት። ሰባት መቀስ ሞከርኩ። የአውራ ጣት ቀለበቱ የማይሰፋ፣ ሲከፈት የማያስገድድ፣ ከአሮጌው በግማሽ የቀለለ አንድ አገኘሁ።

እጄ ሙሉ በሙሉ ድኗል አልልም። ወንበሬ ላይ ትራስ ጨምሬ ክርኔ ከጠረጴዛው እኩል ሆኗል፤ አሁንም ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳላርፍ ከተጫወትኩ ያቺ ቦታ ታስታውሰኛለች፣ እተዋለሁ። በታኅሣሥ ፈተና ሁሉንም ገጽ ጻፍኩ።

እናቴ አዲሱን መቀስ ስትቀበል ምንም አላለችም። ማውዟን ቀድማ አየች፣ አንጓዬን ዞራ አየች፤ ከዚያ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ዘርግታ ከዳር እስከ ዳር ሳታቆም ቆረጠች። ሌሊት አሁንም ደጋፊዋን ታስራለች፤ 20 ዓመት በአንድ መቀስ አይመለስም። አሮጌውን ግን አልጣለችውም። ወንድሜን ጠርታ እጁ ውስጥ አስገባችው። ቀለበቱ ያለ ጨርቅ ልክ ሆነ።

«ይኸው፣ ባለቤቱን አገኘ» አለች። «በል፣ ካኪውን አንተ ቁረጥልኝ።»

ሐሙስ ማታ እሱ ካኪ ሲቆርጥ ኮምፒውተሩ የኔ ነው።