ዝግ ያለ ሙዚቃ የት ይደመጥ?

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ባረፉ በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ «ሱቬኒርስ» የተሰኘው አልበማቸው ታተመ። አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ፣ እያዜሙ በካሴት የቀዱት ነው። ከድምፃቸው ጀርባ ወፍ ይሰማል። ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ባለሙያው ያጠፋው ነበር። አምቢየንት የሚባለውን ዝግ ያለ የድባብ ሙዚቃ የሚሠሩ የዛሬ ሙዚቀኞች ግን እንዲህ ያለውን ድምፅ ፍለጋ መቅጃ ይዘው ጫካ ይገባሉ። ወፏን ለመስማት ደጋግሜ ወደ ኋላ መለስኩት።

*

ቦሌ ላይ ጠዋት ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ ለተቀመጠ ሰው የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይለቀቅለታል። «እህቴ፣ ትንሽ ቀነስ ታደርጊልን?» አልኳት አስተናጋጇን። ቀነሰችልን። ባለቤቱ ገና ከመግባቱ ከፍ አደረገው።

*

ዝግ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሠራው ሚካኤል ሰይፉ «የአራዳ ልጅ»ን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው በዋሽንግተን ዲሲው አሳታሚ 1432 አር፣ «ዘላለም»ን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው በኒውዮርኩ አርቪኤንጂ በኩል ነው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ ለዚህ ሙዚቃ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል መጠሪያ አለው። ክራሩም መሰንቆውም የእኛ፣ ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ። እኛ ጋ የሚደርሰው በስልክ ነው፤ በስልኳ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ቤዙ ጨርሶ ይጠፋል፣ ከሥር የተነጠፈው ስስ ድምፅም አብሮት ይሄዳል። የተረፈውን ሰምቶ «ይሄ ምኑ ሙዚቃ ነው?» የሚል ሰው አይፈረድበትም፤ ሙዚቃው አልደረሰውማ። ይህ ያንገበግበኛል።

*

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀርጾ፣ ስቱዲዮ ገብቶ በማሚቶ እያሸ ሌላ ነገር አደረገው። በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎች የሚቆጠር ነው። ዛርን ለኢትዮጵያዊ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ይኸው ሰው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተውም እሱ ነው።

*

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ በገና ይከፈታል። በበገና አውታርና በብርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ያ የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። በሲንተሳይዘር እሱን የመሰለ ለማውጣት ስንት ሰው ይደክማል! መዝሙሩ ይረዝማል፣ ዜማው ቶሎ አይለወጥም፣ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፣ «ቀይርልን» የሚል ተሳፋሪ ግን አልገጠመኝም። ስለዚህ «የከተማው ሰው ለዝግታ ትዕግሥት የለውም» የሚለውን አልቀበልም።

*

ጃፓን ውስጥ ሰው ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ሸክላ የሚያዳምጥባቸው የጃዝ ቤቶች አሉ። ቦሌ በየሕንፃው ምድር ቤት የመጠጥና የጭፈራ ቤት አላት። ከእነዚያ አንዱን፣ ጭፈራ በሌለበት በሰኞ ምሽት እንኳ፣ ለዚህ ዝግ ላለ ሙዚቃ ቢሰጡት ደስ ይለኛል። ስፒከሩ እንደሆነ እዚያው ተተክሏል። ሠሪዎቹም አብዛኞቹ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው፤ አዲስ ሥራ ባወጡ ቁጥር ተጠርተው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ያሰሙን።