ከሌላ ኮከብ መጥተው የሚያልፉ አካላት

በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ የሚዘዋወሩት ጅራታም ኮከቦችና አስትሮይዶች የፀሐይ ስበት የሚገዛቸው ናቸው። ከሌላ ኮከብ የመጣ አካል ግን አንዴ ያልፋል፤ አይመለስም። የሚለየውም በመልኩ ሳይሆን በመንገዱ ነው። በተከታታይ ሌሊቶች ቦታው ይለካና ምህዋሩ ይሰላል። ኢክሰንትሪሲቲ የሚባለው የምህዋር ልኬት ከ1 በታች ከሆነ መንገዱ ዝግ ነው፤ ከ1 በግልጽ ከበለጠ ፀሐይ አትይዘውም።

እስከ 2018 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ የተረጋገጡት ሦስት ናቸው። ኦሙአሙአ ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ሃዋይ ላይ ሲገኝ ልኬቱ 1.2 ነበር፤ ይሁንና ፀሐይን ጳጉሜን 4 ዞሮ መውጫውን ይዞ ነበር። ድምቀቱ በየ7 እና 8 ሰዓቱ እስከ አሥር እጥፍ ይለዋወጥ ስለነበር ቅርጹ የረዘመ ወይም ጠፍጣፋ እንደሆነ ተገመተ። ጅራት ሳይታይበት ከስበት ውጪ የሆነ ትንሽ ግፊት ማሳየቱ ደግሞ ባዕድ መንኮራኩር ነው አሰኘ። ማስረጃ አልቀረበም፤ ወሬው ግን ከሳይንሱ ፈጥኖ ተዳረሰ።

ቦሪሶቭን ነሐሴ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ያገኘው ጌናዲ ቦሪሶቭ ነው፤ ክራይሚያ ውስጥ፣ ራሱ በሠራው 65 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ላይ የተገኘው አትላስ ወደ ሥርዓተ ፀሐይ ሲገባ ከሁሉም ይፈጥን ነበር፤ ልኬቱ ከ6 በላይ፣ ለፀሐይ ሲቀርብ ፍጥነቱ በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ።

እንዲህ ያሉ አካላት ከትውልድ ሥርዓታቸው የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ግዙፍ ፕላኔቶች በስበታቸው ሲወነጭፏቸው ነው። ከጁፒተር ቢያንስ 4 እጥፍ የሚከብደው ፕላኔት አቦል ይህ አቅም አለው። አቦልና የሚዞራት ኮከብ ቡና በ2012 ዓ.ም. ስማቸውን ያገኙት ከኢትዮጵያ ነው። በይርጋ ጨፌ አካባቢ ያለችው የጌዴኦዋ አሪቻም በዓለም ገበያ የታወቀችው በዚሁ በቡና ነው። አቦል አቅሙ አለው ማለት ግን ከሦስቱ አካላት አንዱ ከዚያ ኮከብ ተነሣ ማለት አይደለም።

አሪቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሁለቱም የሰማይ ንፍቆች ይታዩባታል። ኦሙአሙአ የመጣበት አቅጣጫ ያለው የኮከቦች ስብስብ ላይራ፣ ቦሪሶቭ የመጣበት ካሲዮፒያ (በግሪክ ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት)፣ አትላስ የመጣበት ቀውስ፣ ሁሉም በየወራታቸው ከአድማሷ በላይ ይወጣሉ። ቀውስ በሰኔ መጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጊዜው የደመና መሆኑ ነው ክፋቱ። አካላቱ ራሳቸው ደግሞ በዐይን ብቻ አይታዩም።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ከጌናዲ ቦሪሶቭ ቴሌስኮፕም ሆነ አትላስን ካገኘው ባለ 50 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ እጥረቱ የመስታወት አይደለም። ፍለጋው በአንድ ጊዜ ሰፊ ሰማይ የሚሸፍን ካሜራ ይፈልጋል፣ አዲስ አበባም ሰማዩን በብርሃን ታደበዝዛለች። የተገኘን አካል መከታተል ግን ሌላ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ላይ ሲመሽ ቺሊ ገና ቀትር ነው። እንደ ኦሙአሙአ በሰዓታት የሚለዋወጥን ብርሃን ሳያቋርጡ ለመመዝገብ በተለያዩ ኬንትሮሶች ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ያስፈልጋሉ፤ ቺሊ ውስጥ ባለው ባለ 8.4 ሜትር ሩቢን ቴሌስኮፕ አማካይነት የሚገኙት አካላት ቁጥር እንደሚጨምር ስለሚጠበቅ ፍላጎቱም አብሮ ይጨምራል።