ጋርባ ጉራቻ፤ በባሌ ተራራ ላይ ያለው ጥቁር ሐይቅ

አንባቢ ሆይ፤ «ለዕረፍት ወደ ሐይቅ እንሂድ» የተባለ እንደሆነ በብዙዎቻችን ሐሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ነው። ጧት ቁርስዎን በልተው በመኪና ይነሣሉ፤ ምሳዎን ከውሃው ዳር ይበላሉ፤ ከወደዱም ማታውኑ ተመልሰው ከቤትዎ ያድራሉ። ይህ መልካም መዝናኛ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ዛሬ የምንነግርዎ ሐይቅ ግን እንዲህ ባለ ጉዞ የሚታይ አይደለም። የሚገኘው በባሌ ተራሮች ላይ፤ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,950 ሜትር ከፍታ ነው። ስሙም ጋርባ ጉራቻ ይባላል፤ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው።

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የመኪና መንገድ የሳነቲን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ጋርባ ጉራቻን ያየው ግን ጥቂት ነው። ሐይቁ ከመንገዱ ወጣ ብሎ በገደል ሥር የተሸሸገ ስለሆነ፤ በእግር ሄዶ ከአፋፉ ላይ ያልቆመ ሰው መኖሩንም አያውቅ። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ቀን መቁጠርና ስንቅ ማሰናዳት ይገባዋል። ዝግጅቱም ለሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ለራስዎ ጤና፤ ሁለተኛው ለቦታው ደኅንነት።

ሐይቁ እንዴት ተፈጠረ

የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ቈፍሮ በተዋቸው ጕድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው። ጋርባ ጉራቻ ግን የበረዶ ሥራ ነው። በጥንት ዘመን የባሌ ተራራ ራስ ከዓመት እስከ ዓመት በማይቀልጥ በረዶ የተሸፈነ ነበር። ይኸው በረዶ ከክብደቱ የተነሣ በዝግታ ወደ ታች እየተንሸራተተ ዐለቱን ፍቆ ፍቆ እንደ ገበቴ ጐድጓዳ አደረገው። በኋላም የምድር ሙቀት ሲጨምርና በረዶው ሲቀልጥ ጐድጓዳው ውሃ ቋጠረ።

ሐይቁ ትልቅ አይደለም። ርዝመቱ 500 ሜትር፤ ወርዱ 300 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 6 ሜትር ነው። የሚያስደንቀው ግን ከውሃው በታች ያለው ጭቃ ነው። ሊቃውንት ሐይቁን በሰርሳሪ መሣሪያ በስተው 16 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደለል አውጥተዋል። በደለሉም ውስጥ በየዘመኑ የወደቀው የአበባ ብናኝና የከሰል ብናኝ ተደራርቦ ስለተገኘ፤ ያለፉት 16,000 ዓመታት ያህል የዝናም፤ የድርቅ፤ የደንና የሰደድ እሳት ታሪክ ሊነበብ ችሏል። እርስዎም ከዳሩ ቁጭ ብለው ውሃውን ሲመለከቱ፤ ከሥሩ እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳለ ቢያስቡ ድካምዎን ይረሳሉ።

መቼ ይሂዱ

በባሌ ደጋ የዝናሙ ወራት ረጅም ነው። በመጋቢት ይጀምርና አልፎ አልፎ እያረፈ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የሄደ ሰው ጭጋግ ሊገጥመውና ከገደሉ አፋፍ ቆሞም ሐይቁን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። የተመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው።

ነገር ግን በጋ ነው ብለው በሸሚዝ አይውጡ። በበጋ ሰማዩ ደመና ስለሌለው፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቀዋለች። በሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰ ብርድ የታየበት ጊዜ አለ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል። ስለዚህ ለአንዱ ቀን የሁለት ወቅት ልብስ ይያዙ።

መንገዱና የመጀመሪያው አዳር

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ መንገድ በአሰላና በበቆጂ፤ ሁለተኛው በሻሸመኔና በኮፈሌ ያልፋል፤ ሁለቱም በዶዶላ አካባቢ ይገናኛሉ። በበቆጂ በኩል ካለፉ የነደራርቱ ቱሉን፤ የነቀነኒሳ በቀለንና የነጥሩነሽ ዲባባን አገር በመስኮት ያያሉ። ከመነሣትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ ጉዞዎንም በቀን ያድርጉ።

የመጀመሪያው አዳርዎ ዲንሾ ይሁን። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ከተማ ነው። ፓርኩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ተቋቁሞ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። የመግቢያውን ዋጋ የሚከፍሉት፤ መሪ የሚያገኙት፤ ፈረስም የሚከራዩት በዚሁ ነው። መሪው የአገሩ ልጅ ስለሆነ የሚከፍሉት ገንዘብ ተራራውን ከሚጠብቀው ሰው ቤት ይገባል።

በዲንሾ ማደር ሌላም ጥቅም አለው። ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰውነትዎ ከፍታውን መልመድ ይጀምራል። በማግሥቱ በጥዱና በኮሶው ጥላ ሥር በእግርዎ ሲንሸራሸሩ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን፤ እንዲሁም ድኩላና ከርከሮ ያያሉ። እንስሳቱ ሰው የለመዱ ስለሆኑ በዝግታ ለሚሄድ ጎብኝ ብዙም አይሸሹም።

ስለ ከፍታው

«እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባም ደጋ ነው» ብለው ይህን ነገር አይናቁ። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር እጅ ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው። በአንድ እስትንፋስ የሚያገኙት አየር አነስተኛ ስለሆነ ልብ ይመታል፤ ራስ ይከብዳል፤ እንቅልፍም ይጠፋል። ይህ በጐበዙም በደካማውም ላይ ይደርሳል።

መድኃኒቱ ቀስ ማለት ነው። ውሃ ደጋግመው ይጠጡ፤ መጠጥና ሲጋራ ይተዉ፤ ዳገት ላይ አይሩጡ። ራስ ምታቱ ዕረፍት አድርገው ካልቀነሰ፤ ወይም ማስመለስ፤ መንገዳገድና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፤ «ትንሽ ቀርቶናል» ሳይሉ ወዲያውኑ ወደ ታች ይውረዱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከሳነቲ እስከ ገደሉ አፋፍ

ከጎባ ሲነሡ መንገዱ በመጀመሪያ በደን ውስጥ፤ ቀጥሎም በአስታ ቁጥቋጦ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ድንገት ዛፍ ያልቅና የሳነቲ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ ሜዳ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ አገር ነው፤ በላዩም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይታያል። በየቦታው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመው ተክል ጅብራ ነው።

መኪናዎን ከመንገዱ ዳር አቁመው በመሪዎ እየተመሩ በእግር ይሂዱ። ሜዳው ማለቂያ የሌለው መስሎ ሳለ ምድሩ ከፊትዎ ይቈረጥና ሐይቁ ከገደሉ በታች ብቅ ይላል። ውሃው ጥቁር የሚመስለው የገደሉ ጥላ ሲያርፍበት ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ሰማያዊ ይሆናል። በስተሰሜን በኩል የቶጎና ሸለቆ ወደ ጎባ ይወርዳል። በዝናም ጊዜ ከሐይቁ የሚተርፈው ውሃ ወደዚሁ ሸለቆ ይፈስሳል።

ከአፋፉ በጣም አይጠጉ፤ ጠዋት ድንጋዩ በውርጭ ይንሸራተታል። ወደ ውሃው መውረድ ከፈለጉ መሪው በሚያውቀው ቁልቁለት ብቻ ይውረዱ። ለመውረድ ከወሰደብዎ ጊዜ እጥፍ ለመመለሻው ይተዉ፤ ከሰዓት በኋላም ጭጋግ ሊመጣ ይችላልና ቀድመው ይነሡ።

ይህ ቦታ ባዶ አገር አይምሰልዎ። በባሌ ተራሮች ላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዐለት ጥላ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፤ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በየጊዜው ይኖሩበት ነበር፤ ዋናው ምግባቸውም ትልቁ ፍልፈል ነበር። ተራራው በበረዶ በተሸፈነበት በዚያ ዘመን ሰው እዚህ እሳት አንድዶ ሲሞቅ ማሰብ ያስደንቃል። ዛሬም የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን ወደዚህ ግጦሽ ያወጣል። በፈረስ ሲያልፍ ቢያገኙት ቀድመው ሰላም ይበሉት፤ ፎቶግራፍም ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱት።

የተራራው ጌታ

በሳነቲ ላይ ቀይ ፀጕር፤ ረጅም እግርና ቀጭን አፍ ያለው አውሬ በፍልፈል ጕድጓድ አጠገብ አድብቶ ቢያዩ፤ እርሱ ቀይ ቀበሮ ነው። የባሌ ሰው «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በጠቅላላው የቀረው 500 ያህል ሲሆን ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ይኖራል። ከአፍሪካ ሥጋ በል እንስሳት ሁሉ ይልቅ ለመጥፋት የተቃረበ እርሱ ነው።

የሚያጠፋው የአዳኝ ጠመንጃ ብቻ አይደለም። ሰው ይዞት የሚመጣው ውሻ በእብደት በሽታ የተያዘ እንደሆነ በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ ይተላለፋል። ቀበሮዎቹም በቤተሰብ ተሰብስበው፤ አፍ ለአፍ ተሳስመው ሰላምታ የሚለዋወጡ ስለሆኑ፤ አንዱ ሲያዝ ጭፍራው ሁሉ ያልቃል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991፤ በ2003፤ በ2008 እና በ2014 እንዲህ ያለ መቅሠፍት በባሌ ተነሥቶ በርካታ ቀበሮዎች አልቀዋል። ስለዚህ በየመንደሩ ውሾች ይከተባሉ፤ ከ2018 ወዲህም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከእርስዎ የሚፈለገው ቀላል ነው። ውሻዎን ከቤት ይተዉት፤ የተከተበም ቢሆን አያምጡት። ምግብ ለቀበሮ አይወርውሩ። በሜዳው ላይ መኪና በዝግታ ይንዱ፤ ከመንገዱም ወጥተው በሣሩ ላይ አይንዱ። የአስታ እንጨት አይቁረጡ፤ እዚህ የተቈረጠ እንጨት ተመልሶ ለማደግ ብዙ ዘመን ይፈጅበታልና ምድጃ ከነዳጁ ይዘው ይምጡ። ይዘውት የመጡትን ጣሳና ወረቀት ሁሉ ይዘውት ይመለሱ። ከዚህ ተራራ የሚወርደው ውሃ በኢትዮጵያ ቆላና በሶማሊያ ላለ ብዙ ሕዝብና ከብት መጠጥ መሆኑን ያስታውሱ።

የሚያዙት ዕቃና የቀኑ ሒሳብ

ጠንካራ ድንኳን፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፤ ካፖርት፤ የሱፍ ካልሲ፤ ጓንትና ባርኔጣ፤ የዝናም ልብስ፤ ውሃ የማያስገባ ጫማ፤ የእጅ ባትሪ፤ ለፊት የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ፤ የተለመደውን መድኃኒትና ስንቅ ይያዙ። በሶ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ መንገድ የሚስማሙ ናቸው። የሐይቁን ውሃ ሳያፈሉ አይጠጡ። በዚያ ከፍታ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ጨምረው ያፍሉት።

ለጉዞው አምስት ቀን ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ይድረሱ። በሁለተኛው ቀን እዚያው እየተመላለሱ ሰውነትዎን ያለማምዱ። በሦስተኛው ቀን በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ወጥተው ከሐይቁ አጠገብ መሪዎ በሚያሳይዎ ሰፈር ድንኳን ይትከሉ፤ ብርዱን ወይም ከፍታውን የማይችል ባልንጀራ ካለ ሐይቁን አይተው ማታውኑ ወደ ጎባ ይውረዱ። በአራተኛው ቀን ንጋት፤ ፀሐይ ውርጩን ሳታቀልጥ፤ ከውሃው ዳር ይሁኑ፤ ቀበሮም ወደ አደኑ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤትዎ ይመለሱ።

አምስት ቀን ከሥራ መለየት ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም፤ ወጪውም የላንጋኖን ያህል አይደለም። ነገር ግን በአንድ ቀን ተሯሩጦ ራሱን እያመመው የሚመለስ ሰው ገንዘቡንም ቦታውንም ያባክናል። ዘንድሮ ካልተመቸዎ ለሚመጣው ገና ከአሁኑ ያስቡበት፤ በየወሩ ጥቂት ይቆጥቡ፤ አብረው የሚሄዱ ሁለት ሦስት ባልንጀሮች ይፈልጉ። ሐይቁ በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ እዚያው አለ፤ አንድ ዓመት ቢዘገዩበት አይቀየምዎትም።