ለልጄ፣ ስለ አሮጌ ዕዳ

ቶንፒንግ፣ ጁባ

አንቺ ጁባ ስትገቢ እኔ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ስለምሆን ምግብ ቤቱን በአካል አላስረክብሽም። ስለ ወጥ ቤቱ የምነግርሽ የለኝም፤ ከእኔ የተሻልሽ ነሽ። ጄኔሬተሩን ልጆቹ ያሳዩሻል። ይህን የምጽፍልሽ "አባትሽ የድሮ ዕዳ አለበት" እያሉ ስለሚመጡ ሰዎች ነው።

አዲስ ሰው ቤቱን ሲረከብ መምጣታቸው አይቀርም። የድሮውን ነገር የማያውቅ ሰው ቶሎ እንደሚደነግጥ ያውቃሉ።

ለምን እንደሚበዙ ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ እዚህ በሌላ አይቆጠርም። ቶንፒንግ የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ነው፤ በ2011 አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሆቴሉም፣ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የኛም ሰው እዚህ ተሰበሰበ። ሁሉም በዱቤ ይኖር ነበር። ሠራተኛው ደመወዙ እስኪወጣ ይበላል፣ እኛም በኒሙሌ መንገድ የሚመጣውን ሽንኩርትና ዘይት ሸጠን እስክንከፍል በእምነት እንወስዳለን። ዲሴምበር 15 ቀን 2013 ተኩስ ተከፈተ። እዚሁ ሰፈር ያለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ በሺዎች በሚቆጠር ተፈናቃይ ተሞላ። ጁላይ 2016 ላይ ያው ተደገመ። አበዳሪ ወደ ካምፓላ፣ ተበዳሪ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ሱቅ ሲዘረፍ የዱቤ ደብተሩም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ጊዜ ሒሳብ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ያበደረው ሰው ራሱ አይደለም። የወንድሙ ልጅ፣ የድሮ ሸሪኩ ወይም "ወኪል ነኝ" የሚል ሰው ነው። ከሚሉት እውነት የሆነ አለ፤ ተከፍሎ ያለቀም፣ ጭራሽ ያልነበረም አለ።

እንግዲህ አንዱ ሲመጣ አትካጂ፣ አምነሽም አትቀበዪ። ወንበር ሰጥተሽ፣ ሻይ አቅርበሽ ጠይቂው። ዕዳው የማን ነው? አንተ በማን ውክልና ነው የምትጠይቀው? መቼ፣ ምን ተወስዶ ነው? በምን ገንዘብ ነበር ስምምነቱ? ያለውን ወረቀት አሳይቶ ፎቶ እንድታነሺው ይፍቀድልሽ። እውነተኛ ባለገንዘብ በዚህ አይቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቆጣውን ግን ልብ በዪው። "ለጊዜው ትንሽ ነገር ስጪኝና ልሂድ" ካለሽ አንድ ፓውንድ እንዳትሰጪው። ሰው ትንሽ ሰጥቶ የሸኘው ይመስለዋል፤ ያኛው ግን ዕዳው ለመታመኑ ምስክር ይዞ ይሄዳል።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ከአገር ቤትም ጥያቄ ሊመጣብሽ ስለሚችል የኛን የኢትዮጵያን ሕግ እወቂ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 መሠረት የውል ዕዳ በመደበኛው መክፈያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ነገር ግን ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ወለዱን ወይም ከዋናው ጥቂቱን ከከፈለ፣ ይርጋው ተቋርጦ አሥሩ ዓመት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሊሞት የተቃረበውን ዕዳ በመቶ ብር ነፍስ ትዘሪበታለሽ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ብትቀርቢም ዳኛው ይርጋውን በራሱ አያነሳልሽም፤ አንቺ ነሽ ማንሳት ያለብሽ። ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ ወይም በፍርድ ቤት በእምነት ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በምስክር ብቻ አይጸናም። 500 ብር ሕጉ በ1960 ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ስንት እንጀራ እንደሚገዛ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው።

ሚኒያፖሊስ ያለችው አክስትሽ የገጠማትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የረሳችውን የሆስፒታል ሒሳብ እየደወለ የሚያስጨንቃት ሆስፒታሉ አልነበረም፤ ዕዳውን በርካሽ የገዛ ድርጅት ነበር። አሜሪካኖች በ1977 ባወጡት ሕግ ሰብሳቢው ስንት እንደሚጠይቅና ለማን እንደሆነ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ተጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከረ ደግሞ ማስረጃ እስኪልክ ድረስ መጠየቁን ያቆማል። እሷም ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለላት። ቶንፒንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ አስጠብቅልሻለሁ የሚል መሥሪያ ቤት አትጠብቂ። ወረቀት መጠየቅን ግን ማንም አይከለክልሽም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ እሱም የገንዘቡ ልክ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በጁላይ 2011 ሲወጣ በመንግሥት ምንዛሪ አንድ ዶላር ሦስት ፓውንድ ገደማ ነበር። ዲሴምበር 2015 ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ በአንድ ቀን 18.5 ገባ፤ በጥቁር ገበያማ ፓውንዱ ቀድሞ ወርዶ ነበር። በ2013 የተጻፈ የ3,000 ፓውንድ ዱቤ ያኔ በመንግሥት ምንዛሪ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በተለቀቀ ማግስት 162 ዶላር ሆነ። ዛሬ አንድ ዶላር በሺዎች ፓውንድ ሲመነዘር ያው 3,000 ከሻይና ከዳቦ አያልፍም። ስለዚህ ጠያቂው "አንድ ሺህ ዶላር" ይልሻል፣ ከፋዩ "3,000 ፓውንድ፣ እንካ" ይላል፣ ሁለቱም ከዚያው ወረቀት ነው የሚያነቡት። ሽማግሌ ሆኜ ስቀመጥ አብዛኛው ጠብ እዚህ ላይ ነው። እኔ የምፈርደው በዕቃው ነው። ስንት ካርቶን ዘይት፣ ስንት ጆንያ ሽንኩርት ተወሰደ? ያንን ዛሬ ለመግዛት ስንት ያስፈልጋል? በእሱ ላይ ተደራደሩ። ወለድ የሚባል ከመጀመሪያው ካልተጻፈ አትስሚው። ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ ለሌላው ስትከፍዪ በፓውንድ፣ ለራስሽ ስትቀበዪ በዶላር አትቁጠሪ። እንዲህ የሚያደርጉ ነጋዴዎች አሉ፣ የኛም ሰዎች አሉበት፣ እኔ ሌብነት ነው የምለው።

አንዳንዱ ጠያቂ ወረቀት ሳይሆን ዩኒፎርም የለበሰ ጓደኛ ይዞ ይመጣል። ይህን አቅልለሽ አትዪው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 ስለዚህ አገር እስር ቤቶች ባወጣው ዘገባ፣ መክፈል ባለመቻላቸው ብቻ የታሰሩ ሰዎችን አግኝቷል። ሰው ውል መፈጸም ስላቃተው ብቻ መታሰር እንደሌለበት የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ በ1993 ተቀብላለች፣ ደቡብ ሱዳንም በ2024 ተቀብላለች። ማታ በር ላይ ለቆመ ሰው ግን አንቀጽ አይነበብለትም። ስለዚህ ነይ ቢሉሽ ብቻሽን አትሂጂ። ለኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲው ሊቀመንበርና ለጎረቤታችን ለሆቴሉ ባለቤት ደውዪ፣ ከእነሱ ጋር ሂጂ። ድምፅሽን አታንሺ። በማታውቂው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ ዐረብኛም ይሁን እንግሊዝኛ ይተርጎምልሽ፣ ጊዜም ጠይቂ። ፓስፖርትሽን "እስክትከፍዪ መያዣ" ብሎ ለሚጠይቅ አትስጪ፤ ቅጂውን ስጪው፣ ዋናው የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ለግለሰብ ዕዳ አይያዝም በዪው። እዚህ ፓስፖርቱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ያልበላውን ዕዳ ሲከፍል አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ያልኩሽ ለመካድ መንገድ እንዲሆንሽ አይደለም። ይርጋ ከፍርድ ቤት ያድንሻል፤ የሰው ገንዘብ ግን አሥር ዓመት ስላለፈው የራስሽ አይሆንም። እውነት መሆኑን ካወቅሽ ክፈዪ፣ በአንድ ጊዜ ካልቻልሽ በየወሩ ከፋፍለሽ። የከፈልሽበት ወረቀት ላይ ቀኑ፣ መጠኑና "ከዚህ ሒሳብ ምንም ቀሪ የለም" የሚል ቃል ይጻፍ፤ ከሁለታችሁም ወገን ምስክር ይፈርም፣ ፎቶውን ለእኔም ላኪልኝ። ሰው አንዴ የከፈለውን ደግሞ የሚከፍለው ይህን ወረቀት ስለማይቀበል ነው፤ ወዳጅ ነው እያለ ያፍራል።

ለእኛ ዕዳ ያለባቸውንም በዱቤ ደብተሬ ታያለሽ። በቀይ የሰረዝኩባቸውን አትጠይቂያቸው፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ያላቸው የለም። የቀሩትን ራስሽ ሄደሽ በጨዋ ደንብ ጠይቂ፤ ሰብሳቢ ቀጥረሽ በሰው በር ላይ አትላኪ።

ደብተሩ በገንዘብ መሳቢያው ሥር ነው፣ ቁልፉ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ዘንድ አለ። እኔ አምኜ ያልከፈልኳቸው ሁለት ዕዳዎች መጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፈዋል፦ የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከሰል ሻጯና የሥጋው ሰውዬ። ሁለቱም ጠይቀውኝ አያውቁም። በመጀመሪያው ሳምንት ክፈያቸው።

አባትሽ