የህንዶቹ ሐረር፣ የአሜሪካኖቹ ሐረማያ

እስያ ልጆቿን በፈተና ታስጨንቃለች፣ ምዕራቡ ደግሞ ልቅ አድርጎ ያሳድጋል ይባላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የፈለገ ሐረር ይምጣ፤ ሁለቱም እዚህ አስተምረዋል።

በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ያሠለጥኑ የነበሩት የህንድ ጦር መኮንኖች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ጎበዞች ተመልምለው ሦስት ዓመት ይማሩበት ነበር። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ደግሞ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ዓለማያ ይባል የነበረው የእርሻ ኮሌጅ አለ። እዚያ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ትምህርቱን ከምርምርና ከገበሬው ማሳ ጋር የሚያያይዝ የአገራቸውን ሥርዓት ይዘው መጥተዋል። አንዱ ግቢ ጫማው ያላብረቀረቀ ይቀጣል፣ ሌላው ግቢ እጁ ጭቃ ያልነካ አልተማረም። የህንዶቹን ጥብቅነት ግን የእስያ ነው ብዬ ለመፈረም እቸገራለሁ። የእንግሊዝ ጦር ትቶላቸው የሄደ ነዋ!

ደግሞስ ጥብቅነትን በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጀጎል፣ ከማን ይማራል? ግንቡ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ስሄድ ቁርዓን በዜማ የሚቀሩ ሕፃናት ድምፅ ከአንድ ግቢ ይሰማ ነበር። የቁርዓን መምህሩ፣ ከቢሩ፣ አንዱን አስቁመው ያንኑ መስመር ደጋግመው አስባሉት። በደጋው አገርም ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል ነበር፤ የቀረው አካል ለአለንጋ የተተወ ነው።

ሶፊ የሄድኩት በባጃጅ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች የገበሬ ወረዳ ናት፤ ማሽላው፣ ኦቾሎኒውና ጫቱ ጎን ለጎን ይበቅላል። አንድ አባወራ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫት ይለያል፤ ለጋውን ወደ ቀኝ፣ ጠንካራውን ወደ ግራ፣ እፍኝ ሲሞላ በልጥ ይሸበልልና ዙርባውን ይደረድራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ከጀርባው ሽፋኑ የተገነጠለ የፈተና መለማመጃ ይዛለች። አልፎ አልፎ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ ሳይዞር ይመታታል።

«ጫት አትንኪ አልኳት አቦ! እሷ ታጥና» አለኝ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለ። (ሐረር አንቱታ አያውቅም፤ እኔም በደቂቃ «አንተ» ሆንኩ።) ለለቀማ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ግድ ሆኖበታል፤ የሠራተኛው ክፍያ የልጅቱ የጥናት ዋጋ ነው።

ይህ ሰው ቤጂንግን አያውቅም። ግን በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምቷል። አሜሪካኖቹ ዓለማያ በነበሩበት ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ ሥራ አያጣም ነበር፤ አባትም ዘና ማለት ይችል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ወላጅን የሚያከረው የማለፊያው በር ጥበት እንጂ አህጉሩ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ሲሰጥ አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ ይደረጋል። እኛ ጋ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ከተሰረቀ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ ደጋግመን አይተናል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ ተፈትነዋል፤ ሐረማያም ከመፈተኛ ግቢዎቹ አንዱ ነው።

«አብሬያት እሄዳለሁ» አለ አባት።

«አይፈቀድም ስልህ!» አለች ልጅቱ መጽሐፉን አጥፋ። «አውቶቡስ ይወስደናል፣ ስልክ እንኳን አይገባም። ወላጅ በሩ ጋ አይደርስም።»

«ወላጅ ነኝ አልልማ» አለና አንድ ዙርባ አነሣ። «ጫት ሻጭ ነኝ እላለሁ።»